የራንዲ ሁለተኛ ዓይን

ኅዳር 3
ዛሬም ውሻ። ትናንትም ውሻ። ነገም፣ እግዚአብሔር ካለ፣ ሌላ ውሻ። አባቴ መላእክት እንድስል ነበር ያስተማሩኝ። ካልጋሪ ውስጥ ግን መልአክ የሚያዝ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም የሚፈልገው ቆቅ የሚያነፈንፍ ውሻውን ነው። ይኸው ፋልከንሪጅ ሰፈር፣ ጋራዤ ውስጥ፣ ከክረምት ጎማው አጠገብ ቁጭ ብዬ ጅራት እቀባለሁ። ደግነቱ ውሾቹ ነገረኞች አይደሉም። ባለቤቶቻቸው እንጂ...

ኅዳር 9
አዲስ ደንበኛ፣ ራንዲ የሚባል። ከአደን ውሻው ከዱክ ጋር መጣ። ጠመንጃ ይዞ፣ ዱክን ከጎኑ አቁሞ፣ ሣር መሀል እንድስለው ይፈልጋል። ገብረመድኅን የሚለው ስሜ ረዘመበትና "ጋቢ" አለኝ። ጋቢ! ደግሞ በዚህ ብርድ።
"እናንተ አገር ውሻ አለ?"
የለም፣ ሌባ ሲመጣ ድመት ነው የሚጮኽልን... ማለት ነበረብኝ። "አዎ፣ አለ" አልኩ። ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ?
ዱክ እግሬ ላይ ተኛ። ጨዋ ውሻ ነው።

ኅዳር 21
ራንዲ የዱክን ጅራት ለሦስተኛ ጊዜ አስቀየረኝ። "ቀጥ ይበል... አይ፣ ትንሽ ዝቅ..."
እሺ። እኔም ሠራሁለት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል። ይሁዳና ሰይጣን ወደ ጎን ዞረው፣ በአንድ ዓይን። ለዱክ ሁለት ዓይን ሰጠሁት። ራንዲን ወደ ጎን አዞርኩት። አባቴ ቢያዩ ይስቁ ነበር? አይመስለኝም።

ኅዳር 24
ጥሩወርቅ ከሥራ ገብታ መኪናዋን ጋራዥ ስታቆም ሥዕሉን አየችው። የቄስ ልጅ ናት ሚስቴ፤ ምን ይደበቃታል?
"ሰውዬውን ይሁዳ አደረግከው?"
"ደንበኛ ንጉሥ ነው። ሄሮድስም ንጉሥ ነበር።"
"ውሻው ጻድቅ፣ ሰውዬው ኃጥእ! አንተን ማን ፈራጅ አደረገህ?"
ራቷን ሳትበላ ተኛች።

ኅዳር 27
ራንዲ ሥዕሉን ወሰደ። ምንም አልገባውም። እንዲያውም "ቁርጥ አባቴን!" አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ብርዱ ይሆናል።
የአጋዘን ቋሊማ አመጣልኝ። በጾም! ከሰይጣን በቀር ማን እንዲህ ያደርጋል?

ጥር 6
ከዜሮ በታች ሠላሳ። መኪናው ስታርት አልል አለ። "ሺፍቴ ሊያልፍ ነው፣ መጦሪያው ያሉትን አዛውንቶች ማን ከአልጋ ያነሳቸዋል?" ትላለች ጥሩወርቅ። ያልደወልኩለት ወዳጅ የለም። እንጸልያለን ያለው ብዙ ነው።
ራንዲ ስለ ሥዕሉ ክፈፍ ሊጠይቀኝ ደወለ። ነገርኩት። ከከተማው ሌላ ጫፍ ድረስ የባትሪ ማስነሻ ኬብል ይዞ መጣ። ጓንቱን አውልቆ ለጥሩወርቅ ሰጣት፤ እሱ በባዶ እጁ ከባትሪው ጋር ታገለ። ዱክ ከኋላ ወንበር ያየኛል። በሁለት ዓይኑ።
መኪናው ከተነሳ በኋላ "ሥዕሉ ለልጅ ልጆቼ ነው የሚቀረው" አለኝ።
ወይኔ! እኔም እሱም እናልፋለን፣ እሱ ግን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይኑ ሊኖር። ምን በደለኝ? ስሜን አሳጠረ። በዚህ ከሆነማ ግማሽ ካልጋሪ ገሃነም መግባቱ ነው። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ጥር 8
"ቀለሙ በብርድ ይሰነጠቃል፤ መልሰህ አምጣው፣ ላስተካክለው" አልኩት። ቀጠፍኩ። አመጣው።
"ፊትህን ወደ እኔ አድርግ።"
ግራ ዓይኑ ከቀኙ ትንሽ ያንሳል። የፈራ ሰው ዓይን ነው፣ ደግ። ጅራት ስናርም ስንከርም አንድም ቀን አላየሁትም።

ጥር 15
ጨረስኩ። ራንዲ ሥዕሉ ፊት ቆሞ አገጩን አሸ።
"በጎኑ ይሻል ነበር።"
ሰው ከሲኦል ሲያወጡትም ያጉረመርማል።
ከዚያ ጎንበስ አለ። ከታች፣ ሣሩ ውስጥ፣ አውራ ጣት የሚያክል ሰው አለ፤ ብሩሽ የያዘ።
"ጋቢ፣ ይሄ ማነው?"
"ሠዓሊው።"
"ለምን ወደ ጎን ዞረ?"
ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማለች። ሳቋን ዋጥ አደረገች።
"የአገራችን ልማድ ነው" አልኩት።
ከሄደ በኋላ "የኔስ ሁለተኛ ዓይን?" አልኳት።
"ቆይ እስቲ፣ እናያለን" አለች።