ወረቀት የሌላቸው ጥርሶች

ገሬዬ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን እንደ ወጉ አውጥተናል፤ ጥቁሬን ግን ገና አልጣልኩም። ጎረቤቱ ሁሉ ሐዘኑ አልወጣላት ብሎ ያዝንልኛል። ካንተ መደበቅ ስለማልችል እውነቱን ልንገርህ፤ ከሐዘኑ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ቅናት ነው። በሞተ ባል ይቀናል ወይ ብትለኝ፣ አዎ፣ ይቀናል።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ሜሮን ሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ ይዛለች፤ ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ እግሯን እያመማት ትመለሳለች። አንተ የተከልከውን ፓፓያ ነፋስ ጣለው። የፓምፕ መፍቻዎችህን ለባልደረቦችህ ሰጠኋቸው፤ ሞተር አልነሣ ሲላቸው ዛሬም ድረስ "ገረመው ቢኖር ኖሮ" ይላሉ አሉ። መጋዘኑ እንደምታውቀው ነው፤ ቦሎቄው ከአርሲ ነገሌና ከሻሸመኔ ይገባል፣ ሴቶቹ ይለቅሙታል፣ እኔ በየመጠኑ አስለይቼ አስጭነዋለሁ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ጥርሶቹ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት፣ እሑድ እሑድ ከቤት እየወጣህ ከመተሐራ ወዲያ ያለውን ቦረቦር ስትዞር ኖርክ። ጎርፍ አፈሩን በበላ ቁጥር፣ ያ ደረቅ አገር ውኃ በነበረ ጊዜ ይኖር የነበረ የአዳኝ ዓሣ ጥርስ ይወጣል፤ አንተ ደግሞ ትለቅማለህ። ድንጋይ የሆነ፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጫፉ ዛሬም እጅ የሚወጋ። እያንዳንዱን በክብሪት ቀፎ ከጥጥና ከታጠፈች ወረቀት ጋር አድርገህ ቁም ሣጥኑ ላይ ትደረድራለህ። ሲበቃ ለቅርስ መሥሪያ ቤት አስረክባለሁ ትል ነበር። ሳይበቃህ ሄድክ።

በሕይወት እያለህ አንዱንም ከፍቼ አላውቅም። አርባህ በወጣ በሳምንቱ ከፈትኩ። ወረቀቶቹ ባንተ እጅ የተጻፉ አልነበሩም። ዕድሜዬን ሙሉ የመጫኛ ወረቀት ሳነብ የኖርኩ ነኝ፤ የሰው እጅ ጽሑፍ እንደ ፊቱ ነው የማውቀው። ያንተ ፊደል እንደ ፈሰሰ ገብስ የተበታተነ ነው። ይኼ ግን ክብ ክብ ያለ፣ መስመሩን ያልሳተ፣ የሴት እጅ ነበር። "ከግራሩ በስተምሥራቅ፣ ከነጩ አፈር ሥር" ይላል አንዱ። ቀን አለው። እሑድ ነው።

ከሰል አቀጣጥዬ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አቃጠልኳቸው። ቀፎዎቹንም ጨመርኩ። ከዚያ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ፤ ጥርሶቹን ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ፣ የተሰነጠቀውን ለብቻ ለይቼ በሦስት የማርማላታ ጠርሙስ አደረግኳቸው። ሲያምሩ! አንተ በአሥራ አንድ ዓመት ያልሠራኸውን በአንድ ከሰዓት ሠራሁት ብዬ ደስም ብሎኝ ነበር።

ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላ እነዚያን ወረቀቶች የጻፈችው ጫልቱ መጋዘን መጣች። "አካም ጅርቱ፣ እትዬ አስካለ" ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። መተሐራ ባዮሎጂ እንደምታስተምር፣ ለቀብርህም መጥታ ከኋላ ቆማ እንደተመለሰች ነገረችኝ። ፊደሉን ያየሁ ዕለት ቆንጆ ሴት ነበር ያሰብኩት። ቆንጆ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ በመልክ መሸነፍ ያለ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ፊቷን ፀሐይ የጨረሰው፣ የወንድ ጫማ ያደረገች ሴት ናት።

የቅርስ መሥሪያ ቤት ሰዎች ጥርሶቹን ለመቀበል ተስማምተዋልና ልያቸው አለችኝ። ጠርሙሶቹን አመጣሁላት። አንዱን ጠርሙስ አዟዙራ አየችና የቦሎቄ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። "ወረቀቶቹስ የት አሉ፣ እትዬ?" አለች። አቃጠልኳቸው አልኳት። "በመጠን ለየሻቸው?" አለች፤ አንቱታው ጠፋባት። "እንደ ቦሎቄ? አስካለ፣ የት እንደተገኘ ያልታወቀ ጥርስ እኮ ጠጠር ነው!"

ያደረግኩት ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ቢሆንም መጀመሪያ የምጠይቀው ነበረኝ። ነጋዴ ነኝና ዙሪያውን አልሄድኩም፤ ከባሌ ጋር ምን ነበራችሁ አልኳት። እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። "እኔና ገረመው? አጎንብሰን መሬት ስናይ ነው የኖርነው። ከፊቱ ይልቅ ጫማውን እለየዋለሁ!" ወረቀቶቹን የጻፈችልህ አንተ በፊደልህ ስለምታፍር እንደሆነም ነገረችኝ። አመንኳት። ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ልትነሣ ስትል ግን "ማንጎራጎሩ ነው የናፈቀኝ" አለች።

ገሬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ስታንጎራጉር ሰምቼህ አላውቅም። ያን ዕለት በማስታወሻ ደብተሬ የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ፍቅረኛው ብትሆን ይሻል ነበር።"

ጫልቱ አብዛኞቹን ጥርሶች በመልካቸው ትለያቸዋለች፤ የትኛው ከየት እንደተነሣ ታስታውሳለች። ቀኑን ግን አታስታውስም። ቀኑ እኔ ጋ ነበር። አንተ በሌለህበት እሑድ ሁሉ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ፤ የጻፍኩት ለክስ ነበር፣ ችሎቱ ሳይደርስ ሞትክ እንጂ። ወረቀቶቹን አብረን እንደገና እንጻፍ ብላ ጠየቀችኝ። እንቢ ብላት አሥራ አንድ ዓመትህ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። እሺ ብላት ደግሞ እኔ ያልነበርኩበትን እያንዳንዱን ቀንህን ከሌላ ሴት አፍ ቁጭ ብዬ መስማት አለብኝ። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ ደውዬ ነይ አልኳት።

ስምንት እሑድ መጣች። አንድ ጥርስ ታነሣለች፣ በአውራ ጣቷ ታሻሸዋለች። "ይቺ ዝናብ የያዘን ቀን ናት፤ መኪናውን አሸዋ ውጦት፣ እሱ ጎማ ሥር ቅጠል እየከተተ ሲሰድበኝ።" እኔ ደብተሬን እገልጣለሁ። "እሑድ። ዝናብ። አልመጣም። ምሳ ብቻዬን በላሁ።" ቀኑን አነባለሁ፣ እሷ ቦታውን ትናገራለች፣ ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዴ የሚያስቅ ነገር ትነግረኛለች፤ ሜሮን ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። ሳቁ ሲያልቅ ያንን ቀን ከእኔ የወሰደችው ይመስለኛል። አንድ ጊዜማ ብዕሩን ጥዬ ጓሮ ወጣሁ። እሷም አልተከተለችኝም፤ መከተል እንደሌለባት ማወቋም አናደደኝ።

አሥራ አራት ጥርስ ቀሩ። ጫልቱ ደጋግማ አየቻቸው፤ አላወቀቻቸውም። ሌሎቹን ስናስረክብ የተቀበለን ሰው እነዚህን ወደ እኔ ገፋ አደረጋቸው። ቦታቸው ካልታወቀ ለጥናት አይሆኑንም አለ። "ከእኔ በፊት ያገኛቸው ይሆናል" አለች ጫልቱ፤ ስትወጣ።

ቤት ገብቼ የመጀመሪያውን ዓመት ደብተር አወጣሁ። ረስቼው የኖርኩት ገጽ አለ። "ከገረመው ጋር ቦረቦሩ ሄድኩ። ፀሐይ። ሁለት ድንጋይ አገኘ።" መኪናው ጥላ ሥር ቆሜ በአርሲ ነገሌ ቦሎቄ ዋጋ በስልክ ስከራከር፣ ሁለት ጥርስ በመዳፍህ ይዘህ መጣህ። አፉን ሲዘጋ እንኳ ጥርሱ ከውጭ የሚታይ ዓሣ ነው አልከኝ፤ ፊትህ እንደ ልጅ ፊት ሆኖ። እኔ ደግሞ ማን ይገዛዋል አልኩህ። ፈገግ ብለህ ኪስህ ከተትካቸው። ከዚያ ወዲህ ነይ ብለኸኝ አታውቅም።

ከአሥራ አራቱ ሁለቱ የዚያን ቀን ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ስለማላውቅ አሥራ አራቱንም ይዣለሁ። ለጫልቱ አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም። ፀሐይዋ በቀኝህ ነበረች፤ ሸሚዝህ ክርኑ ላይ ተቀዶ ነበር፤ እጅህ አመድ የመሰለ አፈር ለብሶ ነበር። ይኼን የሚያስታውስ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ፤ እስክከተልህ ድረስም አልረሳውም።

አስካለህ
አዳማ