ያገለገለ ቴሌቪዥን ለኮምፒውተራችን ለመረጠው ኮሚቴ

አዋሳ፣ የካቲት 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ታምሩ፣ የእህል ማደያ ጽሕፈት ቤታችን የግዢ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ከአብዮታዊ ሰላምታዬ ጋር ለእርስዎና ለመላው ኮሚቴ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። የእኛ ኮምፒውተር ዓይኑ ከጠፋ ስምንተኛ ወሩን ይዟል።

አንደኛ፣ ሞኒተሩ ተቃጥሎ አዲስ እንዲገዛ ባመለከትሁ ጊዜ፣ ከሦስት ነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ ካልመጣ አይገዛም በማለት ደንብ ስላስከበራችሁ አመሰግናለሁ። ዕቃውን በአገሩ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት ብቻ መሆኑን ብናገር፣ ደንቡ ሦስት ይላል ተባልሁ። ስለዚህ ሁለተኛው ማቅረቢያ መሃል ከተማ ካለ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ሦስተኛው ከቁምሳጥን ሻጭ መጣ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል ነው ነገሩ፤ ቁምሳጥኑ ባለመመረጡ ግን ኮሚቴውን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሁለተኛ፣ በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈው የሬዲዮ ጠጋኙ ያገለገለ ቴሌቪዥን ከኮምፒውተራችን ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ እንኳ የለውም። ይህን ሳስረዳ፣ ከፊቱ መስታወት ከኋላው ገመድ አለው፣ ምን ጎደለው ብለው ስላስተማሩኝ ውለታዎ አለብኝ። የስድስት ወር ኮርሴ ለካ በከንቱ ኖሯል።

ሦስተኛው ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። የስንዴ ተረጂዎቹ ስም ኮምፒውተር ገብቷል ተብሎ የአራት መቶ አባወራዎች የምዝገባ ወረቀት በኪሎ ተሽጦ አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ተጠቅልሎበታል። ማተሚያውም እስካሁን ሦስት ማቅረቢያ እየጠበቀ ስለሆነ ዝርዝሩ ያለው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው፤ ዝርዝር ሳይታይ ደግሞ ስንዴ አይታደልም። ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉት ባልቴት ወይዘሮ ሙሉመቤት ሰኞ ሰኞ እየመጡ ስሜ ተገኘ ወይ ይሉኛል። አለ እማማ፣ ግን አይታይም እላቸዋለሁ። ያለ ነገር እንዴት አይታይም ሲሉኝ አፈርሁ።

አራተኛ አለኝ፤ ነገር ግን የሚሰማ ስለመኖሩ ተስፋ ስለቆረጥሁ ወረቀቱን ቆጥቤአለሁ።

የኮሚቴውን ማናቸውንም ውሳኔ አንገቱን ደፍቶ መቀበል የለመደው፣
ገብረየስ ኩማ፣ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ

ግልባጭ፦ ሁሉም እንዲያነበው ለማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ፣ ወይዘሮ ሙሉመቤት ሦስት ሰኞ ስለቀሩብኝ ቤታቸው ብሄድ የእርሳቸው ለቅሶ ላይ ደረስሁ። ስማቸው ከተረጂዎች ዝርዝር ያልተሰረዘ መሆኑን ኮሚቴው ለልጅ ልጆቻቸው በደብዳቤ ያሳውቅልኝ።