የጋሽ ወንድሙ ጾም

ኅዳር 18፣ ጠዋት
ዳገቱ ዛሬም ጉልበቴን ጨረሰው። ከእንጦጦ ማርያም በላይ ስድስት ቤት። ክትባት፣ ሽንት ቤት፣ እርጉዝ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ይኸው ነው። መጨረሻ ላይ ጋሽ ወንድሙ። የድሮ የደን ጠባቂ፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ቀበቷቸው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስተዋል። ምን በሉ ስላቸው ጾም ነው አሉኝ።
የሕፃናቱን የክንድ መለኪያ አወጣሁ። ለአዋቂ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ክንዳቸውን ዞረው፣ ተረፈም። ደብተሬ፣ ደነገጥኩ። እሳቸው ፊት ግን ሳቅ አልኩ።

ኅዳር 20
አጥሚት ይዤ ወጣሁ፣ ወተት የሌለበት። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አልቀምስም አሉ። እኔ ጴንጤ፣ ያውም ከሆሳዕና የመጣሁ። ስለ ጾም ምን ብዬ ልምከራቸው?
ጎረቤታቸው ወ/ሮ አስካለ የምትልክላቸው እንጀራ ሳይነካ እንደሚመለስ ነገረችኝ። ያስቀየምኳቸው ነገር አለ ብላ ተጨንቃለች።

ኅዳር 23፣ ከሰዓት
ፈራ ተባ እያልኩ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄድኩ። አልተቆጡም። የደከመ ሰው አይገደድም ብለው አብረውኝ ወጡ። ብላ ሲሏቸው ጋሽ ወንድሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።
«አባቴ፣ ጾሙ አይደለም። ማኘክ አቅቶኛል፣ ድዴ ቆስሏል። ሰው ፊት እንደ ሕፃን ከማላምጥ ጾም ነው ማለቱ ቀለለኝ።»
ይህን ሁሉ ቀን አንዴ እንኳ አፍዎን ያሳዩኝ አላልኩም። በራሴ ተናደድኩ።

ኅዳር 25
ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሁለት የተሰበሩ ጥርሶች ተነቀሉ፤ ለድዳቸው መድኃኒት ተሰጣቸው። ስንመለስ ለወ/ሮ አስካለ ራሳቸው ነገሯት። አለቀሰች፣ ቀጥላ ተቆጣቻቸው። «ታዲያ አፍ አውጥተው አይነግሩኝም ነበር?» ወዲያው ምስር ጣደች።

ታኅሣሥ 2
ወ/ሮ አስካለ ቤት አገኘኋቸው። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ፍትፍት ይበላሉ። አትይኝ አሉ። አላየሁም አልኩ። ቆሜ እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

ታኅሣሥ 4
ዛሬ ሌላ ቤት፣ አንዲት አሮጊት፦ «እህል አይስማማኝም፣ ልጄ።» ስንቱን እንዲህ ሲለኝ እሺ ብዬ አልፌያለሁ?
የምሞላው ቅጽ ስለ ሕፃንና ስለ እናት ነው የሚጠይቀው። ለአዛውንት አንድ መስመር የለውም። ኃላፊዬን ጠየቅኳት፤ ያልታዘዝሽውን አትጨምሪ አለችኝ።
ከነገ ጀምሮ አዛውንት ያለበት ቤት ሁሉ እገባለሁ፤ አፍዎን ያሳዩኝ እላለሁ። ያየሁትን በቅጹ ጀርባ እጽፈዋለሁ።