የማቪስን ድምፅ ከእኔ ለሚጠብቁት ኃላፊ

ለክቡር አቶ ጁሊያን ቴምፐርሊ
በካልደርሾ የድምፅ ጋዜጣ ማኅበር የግል መረጃ ጥበቃ ኃላፊ
ካልደርሾ፣ ዮርክሸር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ በደጅዎ ላይ የተሰቀለችው ካሜራ ሁሉም ደኅና ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

ኤሪክ ኦልድሮይድ እባላለሁ፤ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ነኝ። አርባ ስድስት ዓመት በኮረብታው ላይ የድንጋይ አጥር ስክብ ኖሬአለሁ፤ ከትምህርት ቤት ጋር በአሥራ አምስት ዓመቴ ተሰነባብተን ዳግም አልተገናኘንም። በከተማችን ጋዜጣ እንዲወጣ የላክሁትን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። ፊደል ስቼ ቢያገኙ ይታገሡኝ፤ ሰው ከመሳት ፊደል መሳት ይሻላል።

ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መካከል የማያውቅ ቢኖር፣ ማኅበርዎ ይህንኑ ጋዜጣ በየሳምንቱ እያነበበ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች በድምፅ ይልካል። ባለቤቴ ማቪስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣ ማኅበሩ የሰጣትን መቅጃ ኩሽናችን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ልደቱን፣ ሞቱን፣ የጠፋውን ድመት፣ የክሪኬቱን ውጤት ያለ አንድ ሳንቲም ስታነብ ኖራለች። ቅጂው በቢጫ ቦርሳ በፖስታ ይሄዳል፤ ሰሚዎቹ ሰምተው ይመልሱታል፤ ይደመሰስና የሚቀጥለው ሳምንት ይቀዳበታል። ዋናው ድምፅ ያለው በእናንተ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ማቪስ በፌብሩዋሪ ሞተች። ግድግዳዬ በፎቶዋ ተሞልቷል፤ አንዱም ትንፍሽ አይልም። የለመንኳችሁ አንድ ነገር ነው፤ ድምፅዋን ስጡኝ። ስላደረጉልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ በኤፕሪል ላቀረብኩት ልመና የሰጡኝ መልስ ፍጥነቱ ያስመሰግናል፤ የፈጀው አምስት ሳምንት ብቻ ነው። ድምፅ የግል መረጃ ስለሆነ፣ ባለቤቲቱ ራሷ ፓስፖርቷን ይዛ ካላመለከተች በቀር ለማንም፣ ለባሏም ቢሆን፣ እንደማይሰጥ ገለጹልኝ። ሃምሳ አራት ዓመት በትዳር ስንኖር እሷን ከእኔ እንዲህ አጥብቆ የጠበቃት ሰው አላየሁምና አመሰግናለሁ። መሞቷን ከነምስክር ወረቀቱ ባሳውቅዎ ደግሞ የፈቃድ ቅጽ ላኩልኝ፤ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ቀለም ትፈርምበት ዘንድ። ይዤው ወደ መቃብሯ እንዳልወጣ ዝናብ ነበር። ቀለሙን ራሷ እስክትመርጥ ድረስ ቅጹ መሳቢያ ውስጥ ይጠብቃታል።

፪ኛ፤ በጁን ወር በእግሬ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በሩ ላይ እንደ ተለጠፈው ከሆነ ስብሰባው ባለጉዳይን በጥሞና ስለ ማዳመጥ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ወይዘሮ ግሌንዳ ልጠይቅልዎ ብላ ወደ ፎቅ ስትወጣ፣ በደንቡ መሠረት ኮምፒውተሯን ቆልፋ ሄደች። የይለፍ ቃሉ ግን ስክሪኑ ጥግ ላይ በሮዝ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ከበላዩ፣ ያለ ፈቃድ ኮምፒውተር የከፈተ ሰው በወንጀል እንደሚጠየቅ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። እኔ ንባብ የሚከብደኝ ሰው ነኝ፤ የሮዙን ወረቀት ግን ሳልቸገር አነበብኩት። የውሻ ስም ነው፤ ከኋላው አንድ ቁጥር አለበት። ማቪስ ክንዴን ብዘረጋ በምደርስበት ሳጥን ውስጥ፣ እኔ ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ ጭኜ፣ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥን። አልነካሁም። በሰማንያ አንድ ዓመቴ ስርቆትን በገዛ ሚስቴ ልጀምር አልፈለግሁም። ግሌንዳ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«አባቴ፣ ድምፅዋስ አለ፤ አሥራ ዘጠኙም ዓመት እዚሁ ነው ያለው» አለችኝ። «ግን ብሰጥዎ ነገ እኔም ከእርስዎ ጎን ተሰልፌ ለማኝ መሆኔ ነው።»

«ተይው፣ አንቺ ሥራሽን ያዢ፤ እኔ ጊዜ አለኝ» አልኳት። ጊዜ እንደሌለኝ ያወቅሁት በኦገስት ነው።

፫ኛ፤ ኦገስት 14 ቀን የጻፉልኝ ደብዳቤ ከሁሉም ያማረ ነው። ሦስት ጊዜ አንብቤው አልገባኝ ስላለ ቤተ መጻሕፍት ወስጄ ለወይዘሪት ፐርቪን አሽራፍ ሰጠኋት፤ እዚያ መጽሐፍ የምታውሰው እሷ ናት። እሷም አንብባ ስታበቃ መነጽሯን አውልቃ፣ «የመረጃ ጥበቃ ሕጉ የሚሠራው በሕይወት ላለ ሰው ብቻ ነው ይላሉ፤ የሞተች ሴት በዚህ ሕግ ዘንድ ሰው ስላልሆነች ጥያቄዎ ተዘግቷል» አለችኝ። እንግዲህ በኤፕሪል የማቪስ ምስጢር እጅግ የከበረ ስለሆነ አይሰጥም፤ በኦገስት ደግሞ ምስጢር የሚባል ነገር ስለሌላት አይሰጥም። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። በደብዳቤው ግርጌም፣ ማኅበሩ የማያስፈልገውን ነገር ይዞ መቆየት ስለማይገባው፣ ድምፅዋን ኦክቶበር 31 ቀን ፈጽሞ እንደሚያጠፋው አስታወቁኝ። አመሰግናለሁ። ሰው ሚስቱ ሁለተኛ የምትሞትበትን ቀን አስቀድሞ ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም።

፬ኛ፤ በሴፕቴምበር ደግሞ ለማቪስ በራሷ ስም ጻፉላት፤ መጽሔታችሁ መላኩ እንዲቀጥል ፈቃደኛ መሆኗን እንድታረጋግጥ። እስካሁን ዝም ብላለች። ዝምታዋን እንደ እሺታ እንዳይቆጥሩት፤ ሕጉ አይፈቅድም ተብያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ካብ የሚክብ ሰው ድንጋይ አልገጥም ሲለው አይወረውረውም፤ ያገላብጠዋል። እኔና ወይዘሪት ፐርቪንም ሦስት ማክሰኞ ሙሉ ሕጉን ስናገላብጥ ከረምን። እሷ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ፤ መስማት እንደሆነ ለምጄዋለሁ። እስከ ዛሬ ለሰው ያልነገርኩትን ልንገርዎ፤ ማቪስ ስታነብ ከሰሚዎቿ አንዱ ዓይኑ ጤነኛ የሆነ፣ ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጥ፣ የከተማውን ወሬ ከእሷ አፍ ካልሆነ የማያገኝ ሰውዬ ነበር። ይህ ሰውዬ የድንጋይ ብናኝ ደረቱ ገብቶ ሳል አይለየውም። ሳሉ በመጣ ቁጥር ማቪስ ንባቧን ገታ ታደርግና ለሰሚዎቿ «ይቅርታ፣ ኤሪክ ነው፤ ኤሪክ ኦልድሮይድ፣ ባሌ፤ አሁን ይተዋል» ትላለች። መቅጃውን አታቆመውም ነበር። ሐሙስ ሐሙስ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ሕጉ ደግሞ እንዲህ ነው። ስሙ የተጠራ፣ ድምፁ የተቀዳ፣ በሕይወት ያለ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን ሁሉ ቅጂ የመጠየቅ መብት አለው። እኔ በሕይወት አለሁ፤ ከተጠራጠሩ መጥቼ እስልልዎታለሁ። ስለዚህ ዛሬ ኦክቶበር 9 ቀን፣ ስሜና ሳሌ ያለበትን ቅጂ ሁሉ በይፋ ጠይቄአለሁ፤ ሕጉ አንድ ወር ይሰጥዎታል። ሳሌን ብቻ ቆርጠው ሊልኩልኝ ያስቡ እንደሆነ፣ ቆርጦ ማስቀረት የሚፈቀደው አብሮ ያለን የሌላ ሰው ምስጢር ለመጠበቅ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሌላ ሰው እንደሌለ ደግሞ እርስዎ በፊርማዎ አረጋግጠውልኛል። እኔ ሰው አለች እላለሁ፤ ነገር ግን በዚህ አንከራከርም። የተጠየቀን መረጃ ላለመስጠት ብሎ ማጥፋት ወንጀል እንደሆነ ወይዘሪት ፐርቪን ከነአንቀጹ አሳይታኛለችና፣ ኦክቶበር 31 ሲደርስ እጅዎ እንዳይቸኩል አደራ።

የማኅበርዎን ደንብ የማከብር፣ ሕጉን ዘግይቼ የተማርኩ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ሰው የሆንኩ፣ መልስዎን ከደጄ ሳልርቅ የምጠባበቅ ትሑት ወዳጅዎ፣

ኤሪክ ኦልድሮይድ
ካልደርሾ

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፦ ማኅበርዎ ይህን ጋዜጣ ከፊት ገጹ እስከ ኋላ ገጹ አንድም ሳያስቀር የማንበብ ደንብ አለው። ስለዚህ በመጪው ሐሙስ ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ ይህን ደብዳቤ፣ ቁጥሩንም ሳይዘል፣ ለሁለት መቶ ሠላሳ ሰሚዎች ያነባል፤ እነሱም ማየት እንጂ መስማት አልተሳናቸውም። ንባቡ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ይቀመጣል። ስምዎ ስለተጠራበትና እርስዎም በሕይወት ስላሉ ቅጂውን የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ፓስፖርትዎን ይዘው ይቅረቡ።