በረኪናው ከሸተተሽ

ለእህቴ ለሙሉካ፤ ጉልበትሽ በረታ ወይ? ፊደል በስተርጅና ላስቆጠረኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና እኔ እዚሁ ዐረብ አገር፣ ሚሽሪፍ፣ አሠሪዬ ማዳም ቤት አለሁ።

አብራኝ የምትሠራው እየሩሳሌም በኮሮና ሞተች። ለቅሶ የለ፣ ተዝካር የለ፤ ክፍሏን ማጠቡ ግን ለእኔ ደረሰ። ሆስፒታል ሊወስዷት ሰሞን "እማማ፣ ሽሮው አልሸተተኝም" ስትለኝ፣ "አፍንጫሽም እንደ ማዳም ኮራ?" ብዬ ስቄባት ነበር። ትራሷ ላይ የጭንቅላቷ ጉድጓድ እንዳለ ነው።

ማዳም "ሽታው ታች እስኪደርሰኝ በበረኪና እጠቢ" አለችኝ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ስከፍት ከደረጃው ሥር እያሳለች "ኻላስ! በቃ! ልትፈጂን ነው?" ብላ ጮኸች። እኔማ ሽታ ባጣበት ውሃ የቀላቀሉበት መስሎኝ ነበር።

ለልጆቹ ይህን አታንብቢላቸው። በናፍቆት እስምሻለሁ፤ አንቺ ግን ፖስታውን ሳትስሚ ፀሐይ ላይ አውዪው። በበረኪና ጠርጌዋለሁ፤ ከሸተተሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

እህትሽ የሺመቤት