የያሾዳ እግር የታጠበ ዕለት

ካትማንዱ፣ ካርቲክ 6 ቀን

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለሎክ ባሃዱር፣

የዶሃ ሙቀት በረድ አለልህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ማጉረምረሙን አልተወም እንጂ ሌላ የሚያስከፋ ነገር የለኝም። ልጄ ያሾዳም ደህና ናት። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ በምክንያት ነው፤ አንተ ሁልጊዜ ከአፌ ትነጥቀኛለህ፣ መስመሩ ይቆረጣል፣ ከዚያ «እትዬ ተስማምታለች» ብለህ ለአገር ታወራለህ። ወረቀት ላይ ግን የሚያቋርጠኝ የለም። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የጎረቤታችን የካርና ልጅ ነው። የደረቀውን ጎመንም አስይዤዋለሁ፤ ሽታው አሳፍሮት አውሮፕላን ጣቢያ እንዳይጥለው አደራ ብዬዋለሁ።

ዋናው ጉዳይ ለያሾዳ ባል ይሁናት ያልኸው የጓደኛህ ታናሽ ወንድም ነው። ጨዋ ነው፣ ደመወዝተኛ ነው፣ አይጠጣም አልኸኝ። ቤተሰቦቹ የያሾዳን ፎቶ አይተው ወደዋታል፤ ግን ከዚህ ዋንጫ በኋላ ኳስ የሚባል ነገር እንድትተው፣ ጸጉሯንም እንድታሳድግ ይፈልጋሉ። ሃያ አራት ዓመት ሞላት፣ ሰው ምን ይላል አልኸኝ። አባቷ ከሞተ ወዲህ በቤታችን ያንተን ቃል የሚሽር ስለሌለ፣ እሺ ልልህ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ከትናንት በስቲያ ግን ልጄን ስትጫወት አየኋት። በዚህ ሁሉ ዓመት ስታዲየም ገብቼ አይቻት አላውቅም ነበር።

አጀማመሯን አንተም ታውቃለህ። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቃ በእርከኑ እርሻ ላይ ስትጠልዝ፣ ኳሷ ገደል እየገባች ስንቱን ካልሲዬን ጨረሰችብኝ። እግራችን ሳናውቅ ሰው ከነካ ጎንበስ ብለን በእጃችን እንነካውና እጃችንን ወደ ግንባራችን እንወስዳለን፤ እሷ ታዲያ ለኳሱም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ትመታዋለች፣ ሮጣ ትደርስበታለች፣ ነክታ ግንባሯን ትነካለች። የስፖርት መምህሯ ነው «አንቺ ልጅ፣ በመታሽው ቁጥር ይቅርታ የምትጠይቂው ከሆነ እኛ ለእራት አንደርስም» ብሎ ያስተዋት። ቀጥሎ አንተ ያን ባለ እሾህ ጫማ ከዶሃ ላክህላት። አሁን ትተወው ትለኛለህ። ያኔ ጫማውን አጥልቃ ወጥ ልትሠራበት መስሎህ ነበር እንዴ?

ከዚያ በኋላ ያለውን ዝናውን እንጂ ዋጋውን አልነገርንህም። የወረዳ ቡድን ገባች፣ የካትማንዱ ክለብ ወሰዳት፣ የአገር ማሊያ ለበሰች፣ ስሙን መጥራት የማልችለው አገር ሁሉ ሄዳ ተጫወተች። የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ በክራንች ወደ መንደር ስትመለስ፣ ቧንቧው ጋ የተሰለፉት ሴቶች «እንግዲህ አንካሳ ማን ያገባል» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እሷም ሰምታለች። ክራንቿን የጣለች ሰሞን የሣሩን ቅርጫት ማንገቻ ግንባሯ ላይ አድርጋ ዳገቱን መውጣት ጀመረች። ሸክሙን በየጊዜው እየጨመረች፣ ላሚቱ በቃኝ ብላ ፊቷን እስክታዞር ድረስ ሣር አመጣች። በዓመቱ ወደ ቡድኑ ተመለሰች።

እንግዲህ የዋንጫው ዕለት። ያን ያህል ሰው በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም፤ የሴት ልጆች ጨዋታ ሊያይ እንዲህ ይመጣል ብዬም አላሰብኩም። ከጎኔ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወፍራም ሰውዬ ተቀምጧል። ያሾዳ አምበል ሆና ከፊት ስትወጣ፣ ሎኬ፣ ፈራኋት። የወለድኳትን ልጅ ፈራኋት። ቤት ውስጥ ጨው አቀብሉኝ ስትል እንኳ ቀስ ብላ የምትናገረው ልጅ ሜዳው መሐል ቆማ ስትጮህ፣ በጣቷ ያሳየችው ቦታ ላይ አሥር ሴቶች ሮጠው ይደርሳሉ። ኳሱ ከመምጣቱ በፊት የሚመጣበትን ታውቃለች። ይህን ማን አስተማራት? ከእኔ አልወረሰችውም፣ ከነፍስ ይማር አባቷም አይደለም። አማልክት በቤቴ አንድ ነገር አስቀምጠው ኖሯል፤ እኔ ሣር እጨጂ ስላት ከረምኩ።

ተጋጣሚዎቻችን እንግዶቹ አንድ ጎል አገቡብን። ሊያልቅ ሲቃረብ ረጅም ኳስ ተላከላት፤ እሷና የእንግዶቹ በረኛ እኩል ደርሰው ተጋጩ። የያሾዳ ጫማ የበረኛዋን ትከሻ መታ፣ በረኛዋ ወደቀች፣ ኳሱ ግን ያሾዳ እግር ሥር ቀረ። ጎሉ ባዶ ነው። ዳኛዋ ፊሽካ አልነፋችም። ልጄ ምን አደረገች መሰለህ? ጎንበስ ብላ የበረኛዋን ትከሻ በእጇ ነካች፣ እጇንም ወደ ግንባሯ ወሰደች። ቀና ስትል ኳሱን ተከላካይ ጠልዛዋለች።

ከስታዲየሙ ዙሪያ ስድቡ ወረደ። ባለ ፊሽካው ሰውዬ ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለ።

«ቤተ መቅደስ የገባች መሰላት እንዴ? ለመሆኑ ይቺን ያሳደገቻት እናት ማን ናት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን አፌ ቀደመኝና «እኔ ነኝ» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። ኮፍያውን አነሣ፣ አቧራውን አራገፈ። «እማማ» አለኝ፣ «አስተዳደግዎስ መልካም ነው። ግን መጀመሪያ ብታገባውና ቀጥሎ እንኳን ትከሻዋን እግሯን ብትስም ማን ይከለክላታል?»

እውነቱን ነው። እኔው ነኝ ገና ስትድህ ጀምሮ እጇን ይዤ ያስተማርኳት።

ደቂቃዎች ሲቀሩ ከሩቅ የቅጣት ምት አገኘን። ያሾዳ ኳሱን አስቀመጠች። ከዚያ እንደ ልጅነቷ ጎንበስ ብላ ነካችው፣ እጇንም ወደ ግንባሯ ወሰደች። ሰውዬው «ደግሞ ጀመረች» አለ። መታችው። ኳሱ ከተደረደሩት ሴቶች በላይ ወጣ፣ የሄደ መስሎን ስንቆጭ ሐሳቡን እንደቀየረ መንገደኛ ተመልሶ ጎሉ ጥግ ገባ። ከዚያ የሆነውን በደንብ አላውቀውም። ሰውዬው አቅፎኝ ያለቅሳል፣ ፊሽካው ጥርሴን መታኝ፣ እኔም አለቅሳለሁ። ያን ሁሉ ሰው ከመቀመጫው ያስነሣችው ያቺ ካልሲዬን የጨረሰችው ልጅ ናት።

ዋንጫውን አላገኘንም። በመለያ ምት ተሸነፍን፤ እሷ የራሷን አግብታለች። ሰዉ ግን አልወጣም። ዝናብ እየወረደበት ቆሞ ስሟን ጠራ፤ ሲሰድቧት የነበሩትም ጠሩ። ያቺ በረኛ መጥታ አጠገቧ ሣሩ ላይ ተቀመጠችና አንገቷን አቀፈቻት። እኔ ሰውን በመንደሩ፣ በዘመዱ፣ በእርሻው ነበር የምለካው። የዚህን መለኪያ ግን አላውቀውም።

በማግሥቱ ጠዋት በተከራየችው ክፍል ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ እሷው አነሣችው።

«እማ፣ አጎቴ ያለውን ሰምቻለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አጎቴ ሚስጥር ሲያወራ ዶሃ ሆኖ ካትማንዱ ይሰማል» አለችና ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እሱን እምቢ አልለውም። ያን ጫማ የሰጠኝ እሱ ነው፤ ተዪው ካላችሁኝ እተወዋለሁ። ብቻ በፈቃዷ ተወችው ብላችሁ ለሰው እንዳታወሩ።»

እኔም ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ካልሲሽን አውልቂ አልኳት። ሎኬ፣ እነዚያን እግሮች ብታያቸው። ሁለቱ ጥፍሮች ጠቁረዋል፣ አንዱ ጭራሽ የለም፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የጫማ እሾህ ያረሰው ጠባሳ አለ። እንደ አርባ ዓመት አራሽ እግር ነው። ሰማያዊውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አመጣሁና ውሃ ሞልቼ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

«እማ፣ ምን ሆነሻል? ሠርግ ነው እንዴ?» ብላ እግሯን ሰበሰበች።

«ዝም በይና አምጪው» አልኳት።

ጣት በጣት አጠብኳቸው። ስጨርስ እንደ ወጉ ከውሃው በመዳፌ ጨልፌ ቀመስኩ። አላበድኩም። ለልጁ ሠርግ እግር የሚያጥብ ወላጅ ይህን እንደሚያደርግ፣ የታጠበችውም ልጅ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደተሰጠች ታውቃለህ። እኔም ለኳሱ ሰጥቻታለሁ። ለሰዎቹ የተሰጠች ናት በላቸው። ልጁ የምትጫወት ሚስት የሚፈልግ ከሆነ ግን በሬ አልተዘጋም፤ ትኬት ቆርጦ ይምጣና ባለ ፊሽካው ሰውዬ አጠገብ ይቀመጥ። ጥርሱን ይጠብቅ። እሷ ካየችው በኋላ የምትለውን እንሰማለን።

ቃልህን ስሽር ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዳትቆጣኝ። አንተም ብትሆን አጎቷ ነህና ለእረፍት ስትመጣ በወጋችን እግሯ ላይ ጎንበስ ማለትህ አይቀርም። ያን ጊዜ ቶሎ ቀና አትበል። በደንብ እያቸው።

የእኔ እግር የታጠበ ዕለት ትዝ ይልህ ይሆን? አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አንተ የመዳቡን ማንቆርቆሪያ ካልያዝኩ ብለህ አስቸግረህ ያዝክ። ሳለቅስ አይተህ «እትዬ ምን ሆነች?» ብለህ ጠየቅህ። አባታችን «ውሃው ቀዝቅዟት ነው» አለህ። አንተም አምነህ፣ ቀኑን ሙሉ ሻሽህን እግሬ ላይ ልታለብስ ስትከተለኝ ዋልህ። ያን ሻሽ እስከ ዛሬ አልረሳሁልህም።

የቲሃር በዓል የወንድም ቀን ደርሷል። ግንባርህ ሩቅ ስለሆነ ቀለሙን ፎቶህ ላይ እቀባለሁ። የማይጠወልገውን የአበባ ጉንጉን በካርና ልጅ እጅ ልኬልሃለሁ፤ በዕለቱ አንገትህ ላይ አድርገው። ሞት እንዳይሻገር ዙሪያህን በዘይት አሠምራለሁ፣ ክፉ የሚመኝልህን ሁሉ በዕለቱ እንደሚሰበረው የዋልነት ፍሬ ደጃፍ ላይ በድንጋይ እከሰክሳለሁ። ከምትሠራበት ፎቅ ጠርዝ፣ ከፀሐይ፣ ከክፉ አለቃ ይጠብቅህ። ዕድሜህ እንደ ድንጋይ ይጽና፣ እንጀራህ አይጉደል፣ በሰላም መልሶ ያገናኘን።

እህትህ ቱልሲ

አንድ ነገር ሳልነግርህ ልረሳ ነበር። የያሾዳን እግር ያጠብኩ ዕለት ጋዙ አልቆ ስለነበር ውሃውን ማሞቅ አልቻልኩም። ከቧንቧ የቀዳሁት ነው፣ በረዶ ነበር። ልጄ ግን እስክጨርስ ድረስ ስትስቅ ነበር።