ስንዴ ሲታጨድ የተለጠፈ ቅናሽ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አምስት ሺህ ስምንት መቶ ብር። በቀይ ማርከር። ከላዩ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ተጽፎ ተሰርዟል፤ ያዘኑልን ለማስመሰል። ወረቀቱ ደግሞ "ታላቅ የወቅት ማጣሪያ ቅናሽ" ይላል። የምን ቅናሽ? ይቺኑ ካፖርት ሰኔ ላይ ስጠይቅ አራት ሺህ አምስት መቶ ነበረች። መስከረም ላይ አራት ሺህ ገባች። በቃሌ አይደለም የማወራው፤ እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፤ አሁን ገልጬ አየሁት።

ባለሱቁን ጋሽ ደምሴን ጠየቅኳቸው። "የቆየው ዕቃ አይደለም ቲቸር፣ አዲስ የገባ ነው። የዶላሩን ነገር ታውቂው የለ?" አሉኝ። ዶላሩን አላውቀውም። ካፖርቷን ግን አውቃታለሁ። ሦስተኛው ቁልፏ በቡናማ ክር የተሰፋ ነው፤ የሌሎቹ ክር ጥቁር ነው። መስከረም ላይም እንዲሁ ነበረች። አዲስ የገባ ዕቃ ያንኑ ቡናማ ክር ይዞ ይገባል? ቁልፉን ይዤ አሳየኋቸው። ሳቁና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሩ።

እስከ ቤት ድረስ ብቻዬን እየተነጫነጭኩ መጣሁ። መንገድ ላይ ተማሪዎቼ ሰላም ሲሉኝ እንኳ በደንብ የመለስኩላቸው አይመስለኝም።

ካፖርቷ ለእኔ ጌጥ አይደለችም። አባዬ ቅዳሜ ከአዋሽ ይመጣል። አምና በዚሁ ወር ለዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና መጥቶ በሦስተኛው ቀን የአሰላ ብርድ መታው። ሳል ያዘው። ሐኪሙ "እያሳሉ ዓይናቸውን መንካት አንችልም" ብሎ መለሰው። ይኸው ዓመት ጠበቀ። ቀኝ ዓይኑ አሁን ጨርሶ አያይም፤ ግራውም ደብዝዞ ጽሑፍ አይለይም። ቀጠሮው የፊታችን ሰኞ ነው። ዘንድሮም ካሳለ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

ታዲያ መስከረም ላይ ለምን አልገዛሁም? ብልህ ስለሆንኩ ነዋ። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትበረታ ካፖርት ማን ይፈልጋል፣ ትንሽ ብጠብቅ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ይገባል አልኩ። አራት ሺህ ብር በፖስታ አሽጌ፣ "ካፖርት" ብዬ ጽፌበት፣ ቁጭ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ፋጡማ አብራኝ የምታስተምር የሂሳብ መምህርት ናት። ተወልዳ ያደገችው ኢተያ አጠገብ ነው፤ ቤተሰቦቿ ስንዴ አምራቾች ናቸው። ዛሬ ዕረፍት ሰዓት ላይ ፊቴን አይታ "ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። አብራኝ ትናደዳለች ብዬ ስጠብቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች።

"ወላሂ፣ ስምንት ዓመት አርሲ ኖረሽ ስንዴ አልገባሽም" አለች። "ኮምባይነሩ ኢተያ ከገባ ሳምንቱ እኮ ነው። ገበሬው ብር የሚይዘው አሁን ነው። ገበሬ ብር ሲይዝ ባለሱቅ የሚቀንስ ይመስልሻል? አባቴ ራሱ ትናንት ብርድ ልብስ ገዝቶ ገባ፤ በቅናሽ አገኘሁ ብሎ እየኮራ።"

እንደ እሷ አባባል እዚህ አገር ዕቃ የሚረክሰው ስንዴው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ነሐሴና መስከረም። ያኔ የሁሉም ኪስ ባዶ ነው። የተረፈችውንም የልጆች ደብተር ይበላታል። ባለሱቁ ግን ኪራይ መክፈል አለበት። "ያኔ ራሱ ነው የሚለምንሽ። ብርድና ሙቀቱን ተዪና ስንዴውን እዪ" አለችኝ።

የነደደኝ እውነቷን መሆኑ ነው። መስከረም ላይ ጋሽ ደምሴ እስከ በር ተከትለውኝ "ሦስት ሺህ ስምንት መቶም ይሁንልሽ፣ ውሰጃት" ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አስተካክዬ "አስብበታለሁ" ብዬ ወጣሁ። አስብበታለሁ! ምኑን ነበር የማስብበት?

እስከ ዛሬ የምመራባቸው ሕጎቼ እነዚህ ነበሩ፦

ጃንጥላ በጥቅምት። (አምና በግማሽ ዋጋ አገኘሁ፣ እስካሁን አልተሰበረም።)
ደብተርና እስክሪብቶ በጥር፤ በመስከረም በፍጹም።
የበዓል ልብስ በዓሉ ካለፈ በሳምንቱ።
የድሮውን ዋጋ ሳትጽፊ "ቅናሽ" የሚለውን አትመኚ።
ስለረከሰ ብቻ ምንም አትግዢ። (ሮዙን ቴርሞስ አስታውሺ። ውሃ ሲያቀዘቅዝ እንጂ ሲያሞቅ አላየሁትም።)

ዛሬ አንድ ጨመርኩ፦ አርሲ ላይ ከሆንሽ መጀመሪያ ማሳውን እዪ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ከተማውን አካለልኩት። አንድ ሱቅ "እስከ 50 በመቶ ቅናሽ" ይላል። "እስከ" የምትለዋ በመነጽር ነው የምትታየው። ሃምሳ በመቶው ካልሲ ላይ ነው፤ ያውም የሕፃን ካልሲ። ካፖርቱ ላይ ስንት እንደቀነሰች ሻጯን ብጠይቃት "እሱ ቅናሽ ውስጥ አልገባም" አለችኝ። ታዲያ ወረቀቱን ለምን ካፖርቱ ደረት ላይ ለጠፋችሁት? ካልሲዎቹን ማጣጠፍ ጀመረች። እሷስ ምን ታድርግ፣ ተቀጣሪ ናት።

ሰልባጅ ተራ ሄድኩ። እዚያ አንድ ወፍራም፣ ገበሩ ያልተቀደደ፣ አንገቱ የሚሸፍን ካፖርት አገኘሁ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ኪሱን እየፈተሽኩ ሳለሁ አንዲት ሴት በሌላኛው እጅጌው ሳበችው። "እህቴ፣ መጀመሪያ ያነሳሁት እኔ ነኝ" አለች። ስታነሳው አላየኋትም። ሻጩም አላየም፤ ግን እሷ ብሩን ቀድማ ቆጥራ ሰጠችው። እኔ ኪስ ስፈትሽ ሰው ካፖርት ይዞ ሄደ።

ፋጡማ ጮሌ የምትባለው ከተማ ላይ እህሉ ገና ስላልደረሰ ዋጋው አልወጣ ይሆናል አለችኝ። ደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ሳስበው ግን የማተርፈውን መንገዱ ይበላዋል። ተውኩት።

ማታ አባዬ ደወለ። "ለእኔ ብለሽ አትቸገሪ ሰናይት፣ ጋቢዬን ይዤ እመጣለሁ" አለ። አምናም ጋቢውን ይዞ ነበር የመጣው። አምናም "አይበርደኝም" ነበር ያለው። ተናደድኩበት፤ በስልክ ግን "እሺ አባዬ" ብቻ አልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ነበር። ከባልዲው ውሃ ስቀዳ ጣቶቼ ደነዘዙ። በቃ፣ ከዚህ በኋላ መርህ ብሎ ነገር የለም።

ከሰዓት ፋጡማን ይዤ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። እሷ በኦሮምኛ ጀመረች፣ እሳቸውም በኦሮምኛ መለሱ፤ ተሳሳቁ፣ የቤተሰብ ጤና ተጠያየቁ፣ የዘንድሮው ስንዴ እንዴት እንደሆነ ተወያዩ። እኔ ቡናማዋን ክር እያየሁ ቆምኩ። በመጨረሻ አምስት ሺህ ሦስት መቶ ገባች። ከዚያ በታች አንዲት ብር አልወርድም አሉ። ፖስታው ውስጥ ያለው አራት ሺህ ነው። የቀረውን ለጫማዬ ካስቀመጥኩት ሞላሁ። ጫማዬ ዝናብ እስኪመጣ ይችላል።

ደረሰኙ ግርጌ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ይላል። ስወጣ ጋሽ ደምሴ "ቲቸር፣ ለሚቀጥለው በመስከረም ነይ እሺ" አሉኝ፣ እየሳቁ። ያውቃሉ ማለት ነው! ሁሉም ያውቃል፤ ከእኔ በቀር።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አባዬ ዛሬ ተነስቷል። አዳማ፣ ባቡር ላይ አብሮት ይሠራ የነበረ ጓደኛው ቤት አድሮ ነገ ይደርሳል። ካፖርቷን ሰቅያት ደጋግሜ አየኋት። ቆንጆ ናት፣ ልዋሽ አልችልም። ባየኋት ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ የሚለው ነው። ቡናማውን ክር ፈትቼ በጥቁር ሰፋሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መናኸሪያ ሄጄ ስጠብቀው ከሚኒባሱ ማን ቢወርድ ጥሩ ነው? አባዬ፣ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ግራጫ ካፖርት ለብሶ። አዲስ። ወፍራም። ከገዛሁለት የሚሻል።

"ከየት አመጣኸው?" አልኩት፤ ሰላም እንኳ ሳልለው።

"አዋሽ ላይ ነዋ" አለ። "ስንት ዓመት ተሰቅሎ ነበር። በዚያ ሙቀት ካፖርት ማን ይገዛል? ባለሱቁ በሰባት መቶ ብር ገላገልከኝ ብሎ መርቆኝ ነው የሄድኩት።"

ሰባት መቶ! እኔ ከሰኔ ጀምሮ ዋጋ ስጽፍ፣ ሕግ ሳወጣ፣ ከሰው ጋር እጅጌ ስጓተት፣ አባዬ በረሃ ላይ በሰባት መቶ! እንዴት አላሰብኩትም? ማጣሪያ ማለት ይሄ ነው፤ ዕቃው በማይፈለግበት አገር መግዛት። ተናደድኩ፣ ሳቅኩ፣ እንደገና ተናደድኩ።

ቤት ስንገባ የገዛሁለትን አየ። ዳበሰው ማለት ይሻላል። "ስንት ነው?" አለኝ። "አራት ሺህ፣ በቅናሽ" አልኩት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካክቶ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገው። "አንቺስ ምን ለብሰሽ ነው የምታስተምሪው? አምና ሹራብሽን አልብሰሽኝ ስትንቀጠቀጪ የከረምሽው አልታየኝም መሰለሽ? ያኔ እኮ በግራው በደንብ አይ ነበር።"

ለራሴ ካፖርት ልግዛ ብዬ አስቤ አላውቅም። ልክ ናት ደግሞ፣ ትንሽ ብቻ ሰፋ ትላለች።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሁለታችንም በካፖርት ቀስ ብለን በጋሽ ደምሴ ሱቅ በኩል አለፍን። ወረቀቱ ተቀይሯል። አሁን ስምንት ሺህ ተሰርዞ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው። ለአባዬ አነበብኩለት። "ተይው፣ አትድረሺበት" አለኝ፤ ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ይዞ። ባይዘኝ ኖሮ እገባ ነበር።

እስካሁን አላሳለም። አንዴ አስነጠሰው፤ አቧራ ነው አለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ይህን የምጽፈው ሆስፒታል ኮሪደር አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው።

ሐኪሙ ደረቱን ከፊትም ከኋላም አዳመጠ። አባዬ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል፤ እኔም ውጬአለሁ። "ንጹህ ነው፣ አባባ። ይግቡ" አለ። ይህን ቃል ለመስማት ዓመት ጠብቀናል። አምና ያለቀስኩበት ቦታ ላይ ዘንድሮም አለቀስኩ፤ ለቅሶው ግን አንድ አይደለም።

ነርሷ ካፖርቱን አስወልቃ ሰጠችኝና መታወቂያውን ጠየቀችኝ። ኪሱ ውስጥ ነው ብሎኝ ነበር። እጄን ስሰድ ከመታወቂያው ጋር የታጠፈ ደረሰኝ ወጣ። የአዳማ ሱቅ ነው። የዓርብ ቀን ተጽፎበታል። ስድስት ሺህ አራት መቶ ብር።

ሁለቴ አነበብኩት። አዋሽ የለም፣ ሰባት መቶም የለም፣ መራቂ ባለሱቅም የለም። አባዬ የዋጋውን ወረቀት ማየት አይችልም። የነገሩትን ከፍሎ ነው የወጣው። ከጡረታው ላይ! ማን ነው ያ ባለሱቅ? ዓይኑን እያየ ነው እንዴ እንዲህ ያስከፈለው? አሁኑኑ ተነስቼ አዳማ ልሄድና ልጮህበት ፈለግኩ። አባዬንም፣ በሩን ከፍቼ ገብቼ፣ እዚያው አልጋው ላይ እንዳለ።

ከዚያ እኔም አራት ሺህ ብዬ እንደነገርኩት ትዝ አለኝ።

ደረሰኙን አጥፌ እዚያው ኪሱ ውስጥ መለስኩት። ነርሷ ፋሻው ነገ ጠዋት ይነሳል ብላለች። እንግዲህ ቁጥሩን ራሱ ያንብበው። ካነበበው የኔንም ደረሰኝ አውጥቼ አሳየዋለሁ፤ ያኔ በደንብ እንጣላለን።